አባቴ ዋና ሊያይ የመጣ ዕለት

አባቴ ውሃ የሚወደው በብርጭቆ ሲቀርብለት ብቻ ነው። ከዚያ የበዛ ውሃ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግር ሲሰደዱ፣ አንድ ወንዝ ታናሽ እህቱን ከእጁ ነጥቆ ወስዶበታል። ይህን ነገር በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያጫወተኝ፤ ያውም ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ሳህን እያጠበ። እንግዲህ እግዚአብሔር ለዚህ ሰው ነው ዋናተኛ ልጅ የሰጠው። ቀልድ አያውቅም ያለው ማነው?

የምንኖረው እስራኤል አገር ቤር ሸቫ ከተማ፣ ሽኩና ጊሜል የሚባል ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ባለ መጋዘን ዕቃ ይጭናል፣ ያራግፋል። እናቴ በአቅራቢያችን ባለችው ለሃቪም ውስጥ አንዲት አሮጊት የምትንከባከብ ሜታፔሌት ነበረች፤ ጎህ ሲቀድ በባቡር ትሄዳለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ተመርጬ ዋና ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኝ፣ አሥራ ሰባት ሞልቶኝ ነበር። ከእንቅልፌ የምነቃው ለውሃ፣ የምበላው ለውሃ፣ የምጣላውም በውሃ ምክንያት ነበር።

የምጣላው በተለይ ከአባባ ታከለ ጋር ነው። አባባ ታከለ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የቤተሰባችን ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን የዋና ልብስ ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ከግድግዳችን ላይ አዩና “የእኛ ልጅ በሰው ፊት ራቁቷን?” ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታዬን አልተቀበሉም። እናቴ ግን መፍትሔ አላት። ውድድር ባለ ቁጥር ገንዳው ዳር፣ ከመስመሬ ራስጌ ትቆማለች፤ ከውሃ ስወጣ ጋቢ ዘርግታ ትቀበለኛለች። ከውሃ ወደ ጋቢ ነው፤ በመሃል ማንም አያየኝም። ልጆቹ ይስቃሉ። ከሩሲያ የመጣው አሠልጣኜ ቦሪስ “ድንኳን ይዛ የምትወዳደር ዋናተኛ ያለችኝ እኔ ብቻ ነኝ” ይል ነበር። እናቴ ምን እንዳለ አስተረጎመችና “በለው፣ ድንኳንም ቤት ነው” አለችኝ።

የእኔ ውድድር አራቱን የዋና ዓይነቶች በተራ የሚያስዋኝ ነው፤ በዕብራይስጥ ‘መኡራቭ’ ይሉታል፣ ቅይጥ እንደ ማለት። መጀመሪያ ቢራቢሮ፣ ቀጥሎ በጀርባ፣ ቀጥሎ በደረት፣ መጨረሻ ላይ ነፃ ዋና። እናቴ ለእያንዳንዱ የራሷን ስም አውጥታለታለች። ቢራቢሮው “ውሃ መደብደብ” ነው። የጀርባው “ሰማይ ማየት”፣ የደረቱ “እንቁራሪት”፣ የመጨረሻው ደግሞ “ሩጫ”። እኔም ሳላውቀው በልቤ የምቆጥረው በእሷ ስሞች ሆኖ ቀረ።

ያ ሳምንት የአገር አቀፉ ውድድር ከተማችን ላይ የሚካሄድበት ነበር። ፍጻሜው ረቡዕ ከሰዓት ነው። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ለወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ይመረጣሉ። ማክሰኞ ማታ እራት ላይ እናቴ ድንገት “ነገ አባትሽን ይዤው እመጣለሁ” አለች።

አባቴ ቀና ሳይል “ኤዲያ! እኔ ምን አውቄ?” አለ።

“ማወቅ አይጠበቅብህም። ልጅህን ታያለህ።”

“ልጄንማ እዚህም አያታለሁ።”

“ይዤህ እመጣለሁ ብያለሁ” አለች፣ ሳትስቅ። እናቴ አንድ ነገር ካለች አለች ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ እናቴ ጫማዋን አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግራ ክንዷን ስታሽ አገኘኋት። ባቡሩ ሊያመልጣት ትንሽ ነው የቀረው። “ኢማ፣ ማ ካራ?” አልኳት፤ እኛ ልጆች እንደለመድነው በዕብራይስጥ፣ እማዬ ምን ሆንሽ ማለቴ ነው።

“ምንም። ተኝቼበት ነው መሰል፣ ከብዶኛል።”

“በሕልምሽ ውሃ ስትደበድቢ አድረሻል ማለት ነው” ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች። ሳቋ እንደ ሌላው ጊዜ አልቆየም። ጋቢውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ከባቡር ጣቢያ በቀጥታ ወደ ገንዳው ነው የምትመጣው። በሩ ላይ ዞር ብላ “ብይ፣ በባዶ ሆድ እንዳትገቢ” አለችኝና ደረጃውን ወረደች። ሁልጊዜ ቶሎ ቶሎ ነበር የምትወርደው። ያን ቀን እግሯ አንድ በአንድ ሲያርፍ እሰማ ነበር፤ ከዚያ የታችኛው በር ተዘጋ።

ጠዋት ማጣሪያውን አለፍኩ። ቦሪስ በውድድር ቀን ስልካችንን ሰብስቦ ቢሮው ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ሕጉ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት። ምሳ በላሁ፣ እግሬን ሰቅዬ ተኛሁ። ከተኛሁበት ስነሳ ቦሪስ ከቢሮው ሲወጣ አየሁት። ቦሪስ የሚጮኽ ሰው ነው፤ ሳይጮኽ መናገር የተማረ አይመስልም። ያን ሰዓት ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

“ምነው? መጥፎ ዋኘሁ እንዴ ጠዋት?” አልኩት።

“በጣም ጥሩ ዋኝተሻል።”

ይሄ ነው ያስፈራኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ “በጣም ጥሩ” ብሎኝ አያውቅም። “በጀርባ ስትደርሺ ራስሽን ወደኋላ ትሰብሪዋለሽ በለኝ” አልኩት። ዘወትር የሚቆጣኝ በዚህ ነው። ከገንዳው በላይ ግድግዳው መቅረቡን የሚያመለክቱ ትናንሽ ባንዲራዎች አሉ፤ እነሱን ሳልፍ ግድግዳውን ለማየት አንገቴን ወደኋላ እሰብራለሁ፣ ፍጥነቴን ይቀንሰዋል። ቦሪስ ግን “ዛሬ እንደፈለግሽ አድርጊ” አለኝና ተነሳ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ክሎሪን ነው አልኩ።

ትንሽ ቆይቼ ውሃ ልቀዳ ወደ መግቢያው አዳራሽ ስሄድ በመስታወቱ በኩል ደጁ ነጭ በነጭ ሆኖ አየሁ። አንድ ሰው ሁለት ሰው አይደለም፤ ዘመዶቼ ናቸው። ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ወንዶች፣ በመሃላቸው አባባ ታከለ በከዘራቸው ተደግፈው። ሁለት ዓመት ያኮረፉኝ አባባ ታከለ፣ ገንዳ ቤት! በመስታወቱ ውስጥ ተያየን። ይዞራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብለው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ።

ልቤ ዘለለ። ወደ በሩ ስሮጥ ቦሪስ ከየት እንደመጣ ሳላየው ፊቴ ተገተረ። “ወደ ማሟሟቂያው። አሁን” አለኝ።

“ዘመዶቼ እኮ ናቸው! አንዴ ሰላም ብያቸው...”

“ስትጨርሺ” አለ።

ያኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። እናቴ ሽማግሌ ልካ ከአባባ ታከለ ጋር ያስታረቀችኝ መሰለኝ። አባቴን አመጣለሁ አላለችም? ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስተባብራ ልታስደንቀኝ ነው አልኩ። ቦሪስም ምስጢሩን ያውቃል፤ ለዚህ ነው የሚያደርገውን ያጣው። ሁሉም ነገር ገጣጠመልኝ። ሰው የሚፈልገውን ለማመን ሲቸኩል ምን ያህል ጎበዝ እንደሚሆን ያን ቀን አይቻለሁ። እየተሟሟቅኩ ግን፣ ውሃው ሞቆ ሳለ፣ ክንዶቼን ብርድ ብርድ አላቸው።

ተጠራን። መነሻው ላይ ስቆም እናቴ የምትቆምበትን ቦታ አየሁ። ማንም የለም። ዘመዶቼ ገና እየገቡ፣ ከመነሻው ኋላ ባለው መቀመጫ ላይ ቦታ እየያዙ ነበር። ደወሉ ሲሰማ ዘለልኩ።

ውሃ መደብደቡ እንደምንም አለቀ። ሰማይ ማየት ላይ ግን ለማሰብ ጊዜ አለ፤ ፊታችሁ ከውሃ ውጭ ነው፣ ከጣሪያው በቀር የምታዩት የለም። ወደ መነሻው ስመለስ ባንዲራዎቹን አለፍኩና እንደ አመሌ አንገቴን ወደኋላ ሰበርኩ። መቀመጫው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ተዘቅዝቀው ታዩኝ። አባባ ታከለን አየሁ። አጠገባቸው የእናቴ እህት እማማ ዘውዴ ተቀምጣለች፤ የነጠላዋ ጥለት ከታች በኩል ሲያበራ አየሁት። ቀይ ጥለት ነው፣ የበዓሏ። ክት ልብሷን ለብሳ መጣችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እጄ ግድግዳውን ነካ፣ ተገለበጥኩ።

እንቁራሪት ላይ ራስ ብቅ ጥልቅ ይላል። መጀመሪያ ስመለስ፣ ብቅ ስል አንድ ሰው ከመስመሬ ራስጌ ቆሟል። ጥልቅ። ብቅ። የመጋዘን ሰማያዊ ልብስ ነው። ጥልቅ። ብቅ። አባቴ!

አባቴ ነው፣ ገንዳው ዳር፣ ውሃው ጫማውን እያራሰው። እጁ ላይ የእናቴ ጋቢ አለ። ጋቢው ካለ እሷም አለች፣ እሱን ገፍታ ወደፊት ልካው ከኋላ ቆማ እየሳቀች ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላውቅም። ሩጫው ሲጀምር አራተኛ ነበርኩ። እንዴት እንደዋኘሁ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ውሃ ውስጥ እየሳቅኩ ውሃ መዋጤን ነው። ግድግዳውን ነክቼ ቀና ስል ሰሌዳው ላይ ስሜ ሁለተኛ ነው። ተመረጥኩ።

“አባ! አየኸኝ? አየኸኝ አባ?”

“አየሁሽ ልጄ” አለ። ፊቱን ግን ወደ ጎን አዙሮ፣ ጋቢውን ዘርግቶ ነው፤ አባት ልጁን በዋና ልብስ እንዳያይ። የጋቢውን ጫፎች አጥብቆ ጨብጧል። ውሃው ነው ያስፈራው አልኩና አዘንኩለት። ጠርዙን ይዤ ልወጣ ብድግ ስል፦

“ቆይ” አለኝ።

“ምን?”

“ትንሽ ቆዪ። እዚያው ትንሽ ቆዪ።”

ከተወለድኩ ጀምሮ ከዚህ ሰው አፍ ስለ ውሃ የሰማሁት አንድ ቃል ነው፦ “ውጪ።” ባሕር ዳር ብንሄድ “ውጪ”፣ መታጠቢያ ቤት ብቆይ “ውጪ”። አሁን ቆዪ ይለኛል። ግራ ገብቶኝ፣ መስመር መለያውን ገመድ ተደግፌ ቆየሁ። እሱም ጋቢውን እንደዘረጋ ቆመ። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ወጡ። ዳኛው ምልክት ሰጠን። አባቴ ዳኛውን አላየውም። ወጣሁ።

ጋቢውን አለበሰኝ። እናቴ የምታለብሰኝ ከራሴ ጀምራ ነው፤ እሱ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ጨምቆ ያዘኝ። በትከሻው ላይ አሻግሬ ወደ መቀመጫው አየሁ፤ አሁን በሁለት እግሬ ቆሜ፣ ዓለም ቀጥ ብሎ። እማማ ዘውዴን አየኋት። የነጠላዋ ጥለት አንገቷ ሥር ነበር። አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። በጀርባዬ ተንጋልዬ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ሲታየኝ ጥለቱ ከታች፣ በደንቡ ቦታ የሆነ መስሎኝ ነበር። ነጠላ በእኛ ዘንድ ለምን እንደሚዘቀዘቅ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ እያየሁ አጠገቧ ያለች ሴት በክርኗ ነካቻት፤ እማማ ዘውዴ ደንግጣ ነጠላዋን አውርዳ ታገላብጥ ጀመር። ሌሎቹ ሁሉ አስተካክለው ነው የለበሱት። እሷ ብቻ ረስታዋለች።

ያኔ ማን እንደመጣ ማየቴን ትቼ ማን እንደቀረ ፈለግሁ።

“አባ፣ ኢማስ?” አልኩ።

“በይ ቤት እንሂድ ልጄ።”

“ኢማስ?”

“ቤት እንሂድ።”

አልጮኽኩም። ለምን እንዳልጮኽኩ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ በባዶ ሆድ አይነገርም፣ ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም፤ ሰው ከበውት፣ ቤቱ ተቀምጦ፣ ሽማግሌ ነው የሚያረዳው። ይሄን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እነዚህ ሰዎች ከየሥራቸው ተጠራርተው፣ እንደዚያ በሚጠሉት ገንዳ ቤት ተሰልፈው የመጡት መርዶውን ብቻዬን እንዳልሰማው ነው። ሊሸፍኑኝ መጡ፤ መምጣታቸው ራሱ ነገረኝ። እኔ ከጮኽኩ ልፋታቸው ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ ያላወቅኩ መሰልኩ።

መኪና ውስጥ አባባ ታከለ ከፊት ተቀምጠው “ጎበዝ ዋኘሽ አሉ” አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የናፈቅሁት ድምፅ ነው። “እሺ አባባ” አልኩ። አባቴ እጄን ይዞ ነበር። መብራት ባስቆመን ቁጥር መቼም እንዳይለቀን እመኝ ነበር። ሽኩና ጊሜል ስንደርስ ከሕንፃችን በታች የመኪናው ብዛት፣ ደረጃው ላይ የሚለቀቅልን መንገድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የተከፈተ በር። እናቴ ጠዋት የወረደችውን ደረጃ እኔ አንድ በአንድ ወጣሁት።

አስቀመጡኝ። እማማ ዘውዴ ዳቦ አመጣች። ጎረስኩ። ውሃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። አባባ ታከለ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፊቴ ተንበረከኩ፤ እኚያ ኩሩ ሰው። “ልጄ፣ የሰው ልጅ ሁሉ የእግዚአብሔር ነው...” ብለው ጀመሩ። እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው። እናቴ ለሃቪም ጣቢያ ከባቡር ወርዳ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ አረፍ እንዳለች ነው ያረፈችው። ልቧ ነው አሉ። የሚያውቁት ከጠዋት ጀምሮ ነበር። እኔ ማጣሪያውን ስዋኝ እናት አልነበረኝም። ያን ጊዜ ጮኽኩ። በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርናት።

በኋላ የዋና ጓደኞቼ በዘመዶቼ ተናደዱ። “እንዴት እያወቁ እንድትዋኚ ይፈቅዳሉ?” አሉኝ። እኔም ለአንድ ዓመት ያህል ተናደድኩ፤ ገንዳ ቤት አልረገጥኩም፤ አባባ ታከለን በተራዬ አኮረፍኳቸው። በልቤ የምለው ይህ ነበር፦ ሁሉም አልቅሷል፣ እኔ እየሳቅኩ ነበር። ዛሬም አንዳንድ ቀን ያ ንዴት ይመለስብኛል። ግን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መነሻው ላይ የቆመችን ልጅ ጠርታችሁ፣ በዋና ልብስ፣ ብርድ ላይ፣ በባዕድ ሰው መሃል ትነግሯት ነበር? እኔ መልሱን አላውቀውም። አውቀዋለሁ የሚለኝን ሰውም አላምነውም።

ከዓመት በኋላ ተመለስኩ። ብሔራዊ ቡድን ገባሁ፣ ለስድስት ዓመት ቅይጡን ዋኘሁ፤ ባንዲራዎቹን ሳልፍ አንገቴን ግን ከዚያ ወዲያ ሰብሬ አላውቅም። ቦሪስ ያን ዕለት የዳንሽው ከዚህ አመል ብቻ ነው ይለኛል። ዛሬም ሰርግ ሆነ ምርቃት፣ ሰው ተሰብስቦ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቀረው ሰው ነው። ይሄ ነገር ድግስ ያበላሽብኛል፤ ቢሆንም በየሄድኩበት እጠይቃለሁ፣ እደውላለሁ፣ ክንዴን ከበደኝ ያለ ሰው ካለ ሐኪም ቤት ሳላደርስ አላርፍም። እናንተም እንደዚያ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። በማንም ክንድ አትቀልዱ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ከአንድም ውድድር ቀርቶ አያውቅም። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ጋቢውን ዘርግቶ፣ ጫማውን እያስረጠበ ይቆማል። እናቴ ይዤው እመጣለሁ ብላ ነበር፤ እንዳለችውም ይዛው መጣች።

የመጨረሻ ውድድሬን የጨረስኩ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ጠየቅሁት። “አባ፣ ያን ቀን ለምንድነው ቆዪ ያልከኝ?”

እርጥቡ ጋቢ ትከሻው ላይ ነበር።

“ውሃው ውስጥ እስካለሽ ድረስ” አለኝ፣ “እናት ነበረሽ።”